ከእርሳሱ ሥር የቀረው ፊት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ጥቂት ነው። ፋራህ ደውሎ «ኤዶ፣ ነይ እስቲ። ኮርኒሱን ሳስፈርስ ያንቺ ዘመን ሰዎች በሙሉ አናቴ ላይ ወረዱ» ሲለኝ ቀልዱን አልወደድኩትም፤ ግን ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ፋራህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው፣ ሃምሳ ዓመት የደፈነ የሱማሌ ነጋዴ ነው። ኤዶ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። የድሮ ፎቶግራፍና የድሮ ፊልም ከሰው እየተቀበለ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ይቀይራል። የተከራየው ቤት እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁበት ፎቶ ቤት ነው። የማን ፊት እንደሆነ ሲጠፋበት እየጠራ ይጠይቀኛል። እኔ ሥራ ብዬ አልቆጥረውም፤ እሱም እንግዳ አድርጎ አያየኝም።

ስደርስ ወለሉ ላይ አቧራ የጠጡ የፎቶ ወረቀት ካርቶኖች ተደርድረዋል። ክዳናቸው ላይ በእኔ የእጅ ጽሕፈት «ሁርሶ» ይላል፤ የወታደር ማሠልጠኛው ስም ነው። ጻፊ ተብዬ የጻፍኩት ነው። የት እንደገቡ ሳላውቅ ዕድሜዬ ያለፈባቸው ካርቶኖች ከራሴ በላይ፣ ኮርኒስ ውስጥ ነበሩ።

ፋራህ አንዱን ፊልም ማሽኑ ላይ አስተኝቶ ክዳኑን ዘጋ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ተሳበ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ወታደር ወጣ። ፋራህ ፊቱን አቅርቦ አጎላው።

«ይሄን ሰውዬ ጉንዳን ሄዶበታል እንዴ? ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ነጠብጣብ?»

«ጉንዳን አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።

የሥራ ዘመኔን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይህ ነው። የእጄን ሥራ እንዲያ ጎልቶ አይቼው አላውቅም ነበር። እኛ የምንሠራው እንዳይታይ ነው፤ ከታየ አልተሠራም ማለት ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፎቶ ቤቱ የገባሁት ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የፎቶ ቤቱን ባለቤት ያውቋቸው ስለነበር ወስደው አስረከቡኝ። እኚህ ሴት ማዳም ይባሉ ነበር። እዚሁ ድሬ የተወለዱ አርመን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ካሜራውን የሚይዝ ሰው ቀጠሩ፤ እሳቸው ግን ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ አልተነሱም። ሥራቸው ሪቱሽ ነበር፤ ሪቱሽ ማለት ፊልሙ ላይ ፊት ማስተካከል ነው።

መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብዬ ስጠራቸው ሳቁብኝ።

«እርስዎን ለቄስ አስቀምጪው። ድሬ ውስጥ እኔም አንቺ ነኝ፣ ገዢውም አንተ ነው።»

እኔ ግን የደጋ ሰው ልጅ ነኝ፤ አንቺ ማለት እስከ መጨረሻው አልሆነልኝም።

ለብዙ ወራት ያሠሩኝ እርሳስ መቅረጽ ብቻ ነበር። እንጨቱን ልጠው ውስጡ ያለውን ጥቁር ዘንግ የጣት ቁመት ያህል ያወጡታል፤ ከዚያ የታጠፈ የብርጭቆ ወረቀት መሃል አስገብተው ወዲያና ወዲህ እያሽከረከሩ እንደ መርፌ ያሾሉታል። እኔ ያሾልኩትን ይቀበሉና የግራ መዳፋቸውን ይወጉበታል። ካልተሰማቸው ደህና ነው፤ ከተሰማቸው «ይሄ ጦር ነው» ብለው ይመልሱልኛል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ፊልም ስነካ ነው። ሹል ሆኖ ካልቀለለ ፊልሙን ይጭረዋል።

ኔጋቲቭ ተገላቢጦሽ ነው። በፎቶው ላይ የሚጠቁረው ቦታ በፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍት ነው፤ በፎቶው ላይ የሚነጣው በፊልሙ ላይ ጥቁር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ፊቱ ላይ ጥላ የያዘ ስርጉድ ካለው፣ ፊልሙን መጀመሪያ ቀጭን ቫርኒሽ ቀብተን፣ ክፍት በሆነው ቦታ ላይ በእርሳስ ነጠብጣብ እንሞላዋለን፤ ፎቶው ሲታተም ስርጉዱ ይጠፋል። የሚነጣ ነገር ለማጥፋት ግን እርሳስ አይሠራም። ፊልሙ ላይ ያለውን ጥቁር በትንሽ ቢላ መፋቅ ያስፈልጋል። እርሳሱ በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ይታጠባል። ቢላው የወሰደው ግን ምስሉን ራሱን ነው።

ማዳም ቢላውን ከእርሳሶቹ ጋር አያስቀምጡትም ነበር። በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ለማውጣት ሲነሱ እኔም እነሳለሁ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፊልም ከመንካታቸው በፊት ባለፊልሙን ማየት አለባቸው። ደንበኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ይዘውለት ይወጣሉ፤ ኦሮምኛም ሆነ ሱማሊኛ፣ ሰውየው በሚችለው ያወሩታል። ሲስቅ፣ ሲያዝን፣ ሲዋሽ ያዩታል። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊቱን በቃላቸው ይዘውታል።

«ትንኝ ያመጣውን አጥፊ» ይሉኝ ነበር። «እናትየው የምታውቀውን አትንኪ።»

አንድ ጊዜ የሙሽራ ፎቶ መጣ። ልጅቷ ከከንፈሯ በላይ ጥቁር ነጥብ አላት። የሙሽራው አክስት ሱቅ ድረስ መጥተው ነጥቡ ይጥፋ አሉ። ማዳም ልጅቷን ጠይቀው ከልደቷ ጀምሮ የነበረ መሆኑን ሰሙና እንዳለ አተሙት። አክስትየው ፎቶውን አይተው ተቆጡ።

«ምን ነበረበት ብታጠፊው?»

«ለልጃችሁ ሌላ ሴት ላክሽለት እንዳትሉኝ ብዬ ነው» አሉ ማዳም።

አክስትየው እየተናደዱ ሳቁና ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ ደርግ መጣ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ፎቶ ቤቱም አብሮ ሄደ። ማዳም ብዙ አላወሩም። የባላቸውን መቃብር አጽድተው፣ ሁለት ሻንጣ ይዘው፣ በጂቡቲ ባቡር ሊሄዱ ተነሱ። ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። የእርሳሶቹን ሳጥን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ቢላውን ይዤው እሄዳለሁ። ስለማልወድሽ አይደለም።»

ባቡሩ ሲነሳ እጃቸውን አላወዛወዙም። ሌላ ሰው የቆመበት ይመስል ከኋላዬ ያለውን ሜዳ ነበር የሚያዩት። ደብዳቤ አልጻፉልኝም፤ እኔም የምጽፍበትን አላወቅሁም።

ፎቶ ቤቱ በቀበሌው ሥር ሆነ፤ ጓድ ታዬ የሚባሉ ኃላፊ ተመደቡብን። አስተማሪ የነበሩ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ደሞዜ አልተቀነሰም፣ አልጨመረምም። ከጀርባ ያለው ሸራ ላይ ሐይቅና ዳክዬ ተስሎበት ነበር፤ እሱ ወረደና ትራክተርና የፋብሪካ ጭስ የተሳለበት ተሰቀለ። ጭሱ ከተቀመጠው ሰው ራስ ላይ የሚወጣ ስለሚመስል ካሜራ የሚይዙት ጋሽ ዓሊ ሰዎቹን ወደ ጎን ያስጠጓቸው ነበር።

በነዚያ ዓመታት ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣው ሰው ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዱ ለመታወቂያ የሚነሳው ነው። ሌላው ነጠላው ሥር ትንሽ ፎቶ ደብቆ መጥቶ «አጉልልኝ» የሚለው ነው። ለምን እንደሚጎላ አንጠይቅም። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ጎልቶ ይያዛል፤ እናትና እህት ፎቶውን ታቅፈው ያለቅሳሉ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ግን ድንኳን መትከል ያልተፈቀደላቸው ነበሩ። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልለን እንሰጣቸዋለን፤ የት እንደሚሰቅሉት አላውቅም።

የሱማሌ ጦርነት ሲመጣ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ተጨመረ፤ ሁርሶ የሚሠለጥኑት ልጆች። እሁድ እሁድ ፈቃድ ሲያገኙ በጭነት መኪና ይመጣሉ። ለቤተሰብ የሚላክ ፎቶ ይፈልጋሉ። ሁሉም ንጹሕ ቆብ ስለሌለው አንዱን ቆብ ተራ በተራ ያደርጉታል፤ የሚሰፋበት ሰው ዓይኑ ላይ ይወርድበታል፣ ያኔ ጋሽ ዓሊ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያጠቡለታል። ይሳሳቃሉ። ፎቶው የሚደርሰው በሳምንቱ ነው፤ ብዙዎቹ ግን በሳምንቱ ሌላ ቦታ ናቸው። ያልተወሰደ ፎቶ መደርደሪያ ሞላ።

ጓድ ታዬ አንድ ቀን የታተሙትን እየገለበጡ ጠሩኝ።

«ጓድ አስቴር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፤ አንድ ወታደር ጉንጩ ላይ የፈንጣጣ ጉድጓድ ነበረው። «የአብዮታዊ ሠራዊት ፊት እንዲህ ነው የሚመስለው? ሕዝብ ሲያየው ምን ይላል?»

ጋሽ ዓሊ ከጨለማ ክፍሉ ብቅ ብለው «ጦር ሜዳ ለሚሄድ ሰው ጠባሳ ምን ነውር አለው ጓድ?» አሉ።

«ጠላት ያቆሰለው ቢሆን እኔም እተወው ነበር። ይሄ ድህነት ያቆሰለው ነው። ሁሉም ይስተካከል።»

ጋሽ ዓሊ ወደ ጨለማቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም ይስተካከል ጀመር። ቢላ ስላልነበረን ጓድ ታዬ የምላጭ ፓኬት አመጡልኝ። ምላጩን በእንጨት ላይ በክር አስሬ እሠራበት ነበር።

ግርማ የመጣው ከእነዚያ እሁዶች በአንዱ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው የከተማው ልጅ መሆኑ ነው፤ የምድር ባቡር ሰፈር ልጅ፣ የእናቱን ቤት በር ሳያይ ወደ ሁርሶ የሚመለስ። ፈቃዱ እስከ ቤት አያደርስም ነበር። እኔ ውሃ ይዤ ወጣሁለት፤ የማዳምን ልማድ ትቼ አላውቅም። ግንባሩ ላይ ከፀጉሩ ሥር ጀምሮ ወርዶ የግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ነበረው።

«ይቺን አይተሽ ከሆነ» አለኝ ራሱ ጀምሮ፣ «የደቻቱ ወንዝ ሥራ ናት። ጎርፉ ግንድ ይዞ ሲመጣ ለማገዶ ልይዝ ገብቼ ግንዱ እኔን ያዘኝ።»

«እናትህ ምን አለችህ?»

«መጀመሪያ ገረፈችኝ፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ግንዱን ፈልጠን አነደድነው።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ጓድ ታዬ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ጣታቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው መልሰው ሰጡኝ። በግንባሩ ያለውን ስርጉድ በእርሳስ ሞላሁት። ቅንድቡ መሃል ያለው ክፍተት ግን በፎቶው ላይ የሚነጣ ነበር፤ እሱን በምላጭ ፋቅሁት። ጥሩ ሠርቼው ነበር። ጋሽ ዓሊ አትመውት ሲያዩ «ማዳም ብታየው የማን ልጅ ነው ትል ነበር» አሉና ካልተወሰዱት ጋር አስቀመጡት።

ግርማ አልመጣም።

መርዶው የተነገረው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። እህቱ፣ ሙሉ የምትባለው፣ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። ወንድሟ ካደገ በኋላ የተነሳው ፎቶ እነሱ ዘንድ እንደሌለ ነግራ፣ ለለቅሶው አጉለን እንድንሰጣት ጠየቀችኝ። እዚህ መነሳቱን ከጓደኞቹ አንዱ ነግሯት ነበር። ፊልሙን ከሁርሶ ካርቶን አወጣሁና በትልቁ አተምነው። ጋሽ ዓሊ ካሏቸው ክፈፎች ደህናውን መረጡ። በዚያ ቀን ፎቶውን ራሴ ይዤ ከሙሉ ጋር ሄድኩ፤ ለምን ራሴ እንደሄድኩ እስካሁን አላውቅም።

ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እማማ የሺ፣ የግርማ እናት፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎቶውን ሲሰጧቸው ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ክፈፉን ራቅ አድርገው አዩት፤ አቅርበው አዩት። በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን ጠረጉት፤ እንደገና አዩት።

«ይሄ የሰው ልጅ ነው» አሉ።

«እማዬ፣ ግርማ ነው» አለች ሙሉ።

«ልጄን አላውቀውም? ግንባሩ ላይ ምልክት አለው። ይሄ የማን ልጅ ነው ያመጣችሁብኝ? እናቱ ስንት ቦታ ትፈልገው ይሆን።»

አጠገባቸው ተንበርክኬ ፎቶ ቤት እንደምሠራ፣ ጠባሳውን እኛ እንዳጠፋነው ነገርኳቸው።

«ምልክት ይጠፋል እንዴ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልጅ ሲሳሳት እንደሚያርሙ ነበር የተናገሩት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «የተሳሳተ ስም ነው የመጣው። ፎቶውም የሌላ ነው፣ መርዶውም የሌላ ነው። ተነሡ፤ ድንኳኑን አፍርሱልኝ።»

ሽማግሌዎች ለመኗቸው፤ ካህን መጣ። ነጠላቸውን ቀና አድርገው ለብሰው ወደ ቤት ገቡ። ድንኳኑ ሳይመሽ ፈረሰ።

በማግስቱ በማለዳ ፊልሙን ላጥበውና እንደገና ላትመው ገባሁ። እርሳሱ ይለቃል፤ ግማሽም ቢሆን ይወጣል ብዬ ነው። የሁርሶ ካርቶኖች ግን ቦታቸው አልነበሩም። የሠራዊቱ ፎቶዎች ምስጢር ናቸው ተብሎ እንዲነሡ ታዟል። ጓድ ታዬ ዘንድ ገባሁ።

«አንድ ፊልም ብቻ ነው የምፈልገው» አልኩ። «እናትየው አላምንም ብለዋል። ጠባሳው ካልታያቸው አያለቅሱም።»

«አያልቅሱ፤ ምን ይጎዳል?» አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነበር። «ለአንዲት ጠባሳ ብለሽ የተዘጋ ጉዳይ አትክፈቺ፣ ጓድ አስቴር። ለራስሽም አይበጅሽም።»

የት እንደተወሰዱ ጋሽ ዓሊም አያውቁም ነበር። ጥቂት ቆይቶ እኔ ወደ ማዘጋጃ ቤት ተዛወርኩ፤ የመታወቂያ ፎቶ ክፍል። እዚያ ሪቱሽ የለም። ሰው ይቀመጣል፣ ጆሮው ይታያል፣ ይነሳል። የቀረው የሥራ ዘመኔ በዚያ አለፈ። አለቆቼ ተቀያየሩ፤ ስለ እነሱ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ጋሽ ዓሊ እዚያው ፎቶ ቤት እያሉ ዓይናቸው ደከመ፤ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፣ ቤቱ መጋዘን ሆነ፣ ሱቅ ሆነ።

እማማ የሺን ግን በየጊዜው አያቸው ነበር። ከሱማሌ ምርኮኞች ሲመለሱ ከሰው ፊት ተጋፍተው ቆመዋል። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ ሲበተን የውሃ ጣሳ ይዘው ደቻቱ ድልድይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያልፍ የነበረውን ሁሉ «ጠጣ ልጄ። ቆብህን አውልቅ እስቲ» ይሉታል። ያወልቃል፤ ግንባሩን ያዩና ጣሳውን ለሚቀጥለው ይሞሉለታል። በሌላኛው ጥግ አልፌ እሄዳለሁ።

ወደ ፋራህ ሱቅ ልመለስ።

ካርቶኖቹን እያየን የዋልነው ለብዙ ቀን ነው። እሱ እያስገባ፣ እኔ የማውቀውን ስም እየነገርኩት። የግርማ ፊልም ሲመጣ ስክሪኑን ማየት አላስፈለገኝም፤ ወደ መስኮቱ ሳነሳው ለይቼዋለሁ። ስለ እናቱ ነገርኩት።

«አሁንም አሉ?» አለ ፋራህ።

«አሉ። አልጋ ላይ ናቸው።»

«ኤዶ፣ እንግዲያ ለምን ትቸገሪያለሽ? ጠባሳው የት ጋ እንደነበር ንገሪኝ፤ እኔ በኮምፒውተር እስለዋለሁ። እዚህች ጋ ተቀምጠሽ ሻይሽን ሳትጨርሺ።»

«አንድ ጊዜ የእኛን እጅ አይተዋል» አልኩት። «ሁለተኛ አይሆንም።»

አኳራጅ ከቀለም ሻጭ አስመጣሁ። ጥጥ በጥርስ እንጨት ጫፍ ጠቅልዬ፣ ፊልሙን መስታወት ላይ አስቀምጬ፣ ከፀጉሩ ሥር ጀመርኩ። እጄ አርጅቷል፤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ። ቫርኒሹ ከዕድሜ ብዛት ጠንክሮ ነበር። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ጥጡ ግራጫ እየሆነ መጣ። ያ ግራጫ የእኔ እርሳስ ነው። ጥጥ እየቀየርኩ እስከ ቅንድቡ ወረድኩ።

ፋራህ ፊልሙን ማሽኑ ላይ አስተኛው። ስክሪኑ ላይ ግርማ ወጣ፤ ግንባሩ ልሙጥ ነበር። ምንም የለም።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ያኔ ግንባሩንም በምላጭ ነክቼው ይሆን ብዬ አሰብኩ። የማስታውሰው እርሳስ ነው፤ ግን የማስታውሰው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ መማል አልችልም።

ፋራህ ፊልሙን አወጣና መብራት ላይ ያዘው። «እዚህ እኮ አለ» አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየ፤ ራሱን መታ። «ወላሂ ማሽኑ ነው! ትናንት ለሌላ ሥራ ብዬ ጭረትና አቧራ እንዲያጠፋ አድርጌ የተውኩት ነው። ጠባሳውን ጭረት መስሎት ጠገነው።»

«እሱም ጓድ ታዬን አግኝቷል ማለት ነው» አልኩ።

ፋራህ ጓድ ታዬ ማን እንደሆኑ ስላላወቀ አልሳቀም። ማስተካከያውን አጥፍቶ እንደገና አሳለፈው። ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ጠባሳው ከፀጉሩ ሥር ተነሥቶ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በታች ቅንድቡ ሙሉ ነው። ያቺን ክፍተት የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ አትመለስም።

«እሷን ልሳላት?» አለ ፋራህ ቀስ ብሎ።

«ተዋት። ያለውን አትምልኝ፤ በወረቀት።»

ሙሉን ጠራኋት። እሷም አርጅታለች፤ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ፣ ከእናቷ አጠገብ የቀረች ናት። ፎቶውን ሰጠኋት። ቆማ ብዙ አየችው፤ አላለቀሰችም። ይህን ፎቶ ማሳየት መርዶ ማርዳት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ባታሳዪያቸውም ማንም አያውቅም» አልኳት። «ዕድሜያቸው አልቋል። እየጠበቁት ይሂዱ ካልሽ እኔ ይዤው እመለሳለሁ።»

«ሁልጊዜ ማታ ከእራቷ የእሱን ድርሻ ታስቀምጣለች» አለች ሙሉ። «እኔ ነኝ ጠዋት የማነሣው። ሳትቀብረው ብትሞት ማን ይቀብረዋል? እኔ ብቻዬን?»

አብረን ሄድን። እማማ የሺ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ትንሽ ሆነዋል። ነጠላቸው እንደ ድሮው ንጹሕ ነው፤ ቀና ተደርጎ ተለብሷል። ሙሉ መነጽራቸውን አደረገችላቸውና ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖረችው።

አራቁት፤ አቀረቡት። ድንኳኑ ውስጥ ያደረጉትን ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል አደረጉ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«መስኮቱን ክፈቺልኝ» አሉ።

ሙሉ ከፈተች። አውራ ጣታቸውን ከፀጉሩ ሥር አሳርፈው ወደ ታች ሳቡት። ቅንድቡ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈል ነበር።»

«እሱ ተፍቋል እማማ» አልኩ። «አይመለስም።»

«ማን ፋቀው?»

«እኔ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያውቁኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

«አንቺ ያኔም ነግረሽኝ ነበር» አሉ። «ምልክት ይጠፋል እንዴ አልኩሽ።»

«አዎ፤ ብለውኝ ነበር።»

ጥፍራቸውን ቅንድቡ ላይ፣ ክፍተቱ በነበረበት ቦታ አሳረፉ። ጥፍሩ ወረቀቱ ላይ ቀጭን ሰረዝ ተወ። ፎቶውን እንደዚያው ደረታቸው ላይ ደፉት። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ አለፈ።

«ሙሉ» አሉ።

«አቤት እማዬ።»

«ነጠላዬን አዘቅዝቂልኝ።»

ሙሉ ከትከሻቸው ላይ አንሥታ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርጋ አለበሰቻቸው። የራሷንም አዘቀዘቀች። እኔም ተነሥቼ የራሴን አወለቅሁ፣ አዘቅዝቄ ለበስኩና ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።